አሥር ደቂቃ በበረኪና

ሰኞ ጠዋት ቀነኒ ሥራ የገባችው እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘች ነው። ያያት ሁሉ «ምን ሆነሻል?» አላት። ለዘበኛው «ባጃጅ ገጨኝ» አለች። ለካርድ ክፍሏ ልጅ ደግሞ «ወገቤን ነው» አለቻት። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሸት! እንደ እሷ ውሸት የማይሆንለት ሰው አይቼ አላውቅም፤ አንዱን ከሌላው እንኳ አታስማማም።

እውነቱ ሌላ ነው። ከእሑድ ከሰዓት ጀምሮ፣ ሴት ለሰው የማታሳየው ገላዋ እሳት ሆኖባታል። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ፎጣ ነክሳ ነው የምትጮኸው። ጠዋት በትንሿ መስተዋት አጮልቃ ስታየው ቆዳው ነጭ ሆኖ ተልጧል። እና ይህቺ ሴት የት ነው የምትሠራው? አሶሳ፣ ጤና ጣቢያ! መድኃኒቱ ካለበት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሕመሟን እንደ ሰረቀችው ዕቃ ትደብቃለች።

የምትፈራው ነገር ያለው ቤቷ ውስጥ ነበር። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ የመዘምራን ጋውኗን በምትይዝበት ሐምራዊ ቦርሳ ውስጥ፣ ከጋውኑ ሥር በሻሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቀነኒ ልጇን ስትወልድ ክፉኛ ተቀድዳ ተሰፋች። ስፌቱ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልዳነም። ባሏ ቶኩማ ሲቀርባት ገላዋ በራሱ ጊዜ ይቆለፋል፤ ሕመሙም እንባዋን ያወርደዋል። ቶኩማ ደግሞ በግድ የሚባል ነገር አያውቅም። ማንኩሽ በኩል ባለ ካምፕ ዶዘር ሲነዳ ከርሞ በየስድስት ሳምንቱ ይመጣል፤ ሲመጣም ሕፃኗን መሃል አስተኝተው እንደ ወንድምና እህት ያድራሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነው ኖሩ። አንድ ቀን ጨነቃትና ለባሏ አጎት ሚስት ለአደ ቡሴ ጫፍ ጫፉን ነገረቻቸው። አደ ቡሴ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቆሙ «ቻይው የኔ ልጅ፤ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ መተኛት ነው። እኔ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ» አሏት። ቀነኒ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ልትችል አልፈለገችም።

በመጨረሻ ቶኩማ ፈቃድ ወስዶ አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። ያገኟት የማህፀን ሐኪም ሳታፍር ሳታሳፍር አስረዳቻቸው። «ጡንቻሽ ፈርቶ ነው የሚቆለፈው፤ የፈራ ልጅ እንደሚለማመደው እናለማምደዋለን» አለች። ለዚህ የሚረዳ ለአዋቂዎች የተሠራ ዕቃ አለ፤ የሚያፍርበት ያፍርበት እንጂ ይጠቅማል አለቻቸው። «ትንሹን፣ ጣት የሚያክለውን ምረጡ። ሲሊኮን ይሁን። የሚሸት፣ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ጎማ እንዳትገዙ፤ የነካውን ሁሉ ወደ ውስጡ ይመጥጣል። ገብቶ እንዳይቀር ሥሩ ሰፋ ያለ ይሁን። ማለስለሻው በውሃ የተሠራ እንጂ ቫዝሊን አይሆንም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ይለቅለቅ። ካመመሽ ወዲያው አቁሚ።» ቶኩማ ሁሉንም እንደ ተማሪ በወረቀት ጻፈው፤ ከታች የሐኪሟን ስልክ ቁጥር ጨመረበት።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ዕቃውን ግን በቴሌግራም ነው ያዘዙት፤ ሻጩ የተባለው አልቆበት «ያው ነው» ብሎ ሌላ ላከ። ዓርብ ቶኩማ ከማንኩሽ፣ ካርቶኑም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ገቡ። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ብዕር «የፀጉር ማድረቂያ» ተብሎ ተጽፏል። ሲከፍቱት ሮዝ፣ ባለባትሪ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ልክ እንደ አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ይሸታል።

«ይሄማ ሐኪሟ አትግዙ ያለችው ነው። ልመልሰው» አለ ቶኩማ።

«እና ኬላ ላይ ይፍቱት? ስሜ በትልቁ የተጻፈበትን ካርቶን ፈትተው ለተሳፋሪ ሁሉ ያሳዩት? ሞቼ ነው! ተወው፣ እኔ አጸዳዋለሁ። ሥራዬ አይደል እንዴ?»

ሥራዋ ነበር፤ ውሸት የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጤና ጣቢያው መሣሪያ ማጽጃ ክፍል የእሷ ነው። መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ የማዋለጃው ዕቃ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ በእንቅልፏም ትወጣዋለች፦ አሥር ደቂቃ በተበረዘ በረኪና፣ ከዚያ በሳሙና መፈተግ፣ ማለቅለቅ፣ መቀቀል። እሷ ባጠበችው መሣሪያ አንድ እናት ተመርዛ አታውቅም። እናም ቅዳሜ ጠዋት ሮዙን ዕቃ በጆግ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብታሸተው አሁንም ይሸታል። ሳትበርዝ በረኪና ጨመረችበትና እስከ ምሳ ሰዓት ተወችው። ሲወጣ አንዴ አለቀለቀችው፤ እንዳይቀልጥ ብላ አልቀቀለችውም። «አሁን ንጹህ ነው» ብላ ደስ አላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥተው በራቸውን ዘጉ። ቶኩማ «ቀስ በይ፣ ቀስ» እያለ እጇን ይዟት ነበር። ገላዋ አልተቆለፈም! ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆለፈም። ሁለቱም እንደ ሕፃን ሳቁ፤ ቶኩማ እንዲያውም አለቀሰ። ሰዓት ሳይሞላ እሳቱ ጀመራት። ለቶኩማ «ትንሽ ነው፣ ይተወኛል» አለችው። እሷ ግን በልቧ የደመደመችው ሌላ ነው፦ ጠዋት ዘምሬ ከሰዓት እንዲህ ያለ ነገር አደረግሁ፤ እግዚአብሔር ቀጣኝ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ መቀሶቹን ከበረኪናው ስታወጣ ሕመሙ ጸናባትና ማጠቢያው ሥር ቁጭ አለች። ድንገት የገባችው አዋላጇ ማሪያም ናት። ማሪያም የአሶሳ የበርታ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ ስትናደድ ወይም ስትደነግጥ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትለዋለች።

«ተነሳ። ማዋለጃ ክፍል ግባ።»

«ወገቤን ነው ሲስተር።»

«ወገብ እንዲህ አያስኬድም። ተኛ አልኩህ እኮ!»

ቀነኒ ተኛች። ማሪያም ጓንቷን አጥልቃ አየች። መብራቱን አስጠግታ እንደገና አየች። ቀነኒ ኮርኒሱን ታያለች።

«ይሄ ኢንፌክሽን አይደለም» አለች ማሪያም፣ ድምጿ ወፍሮ። «ይሄ ተቃጥሎ ነው። ኬሚካል ነው። ማን ነው ያደረገብህ?»

ኬሚካል? ቀነኒ እግዚአብሔርን ስትጠብቅ ኬሚካል መጣባት፤ ምንም አልገባትም።

«ቶኩማ መቼ ነው የመጣው?»

«ዓርብ።»

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«እሑድ…» አለችና ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባት ብድግ አለች። «ኧረ በእግዚአብሔር! እሱ አይደለም!»

«እሺ ማን ነው?»

ምን ትበል? ማሪያምም ማመን የማትችልበት ምክንያት ነበራት። ከወር በፊት አንዲት ሴት የፈላ ዘይት ተደፍቶባት መጥታ «ራሴ ነኝ የደፋሁት» ብላ ስትምል ማሪያም አምናት ሸኘቻት። ሴትዮዋ በሳምንቷ በቃሬዛ ተመለሰች። ማሪያም ያን ቀን ለራሷ ማለች። አሁን ቁስሉን በብዙ ውሃ አጠበች፣ ቅባት ቀባች፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች። «ወላሂ፣ ሁለተኛ አልሸወድም» አለች።

ሳጅን ሕሊና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጣች። የፓዌ ሰፋሪ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ይሄ «አይዞሽ» የባሰ አስፈራት።

«ቤታችሁ ውስጥ ምን ምን ኬሚካል አለ?»

«ምንም የለንም። በረኪና ብቻ…»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ክው አለች። ጆጉ። ሮዙ ዕቃ። እስከ ምሳ ሰዓት። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ራሷን በገዛ እጇ አቃጠለች!

ሳጅኗ «በረኪና» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ቀነኒ መስመሩን አየችው። ያ መስመር በቶኩማ አንገት ላይ እንደ ገባ ገመድ ታያት።

ያኔ መናገር ነበረባት። እኔም ብሆን እጇን ይዤ «ተናገሪ እንጂ!» ባልኳት። ግን አስቡት፤ ከመጋረጃው ወዲያ የካርድ ክፍሏ ልጅ አለች። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበያው፣ አሥር ሰዓት ላይ መዘምራኑ ይሰማሉ። ነገ መቀስ ስታቀብል እጇን እያዩ ይሳሳቃሉ። የቶኩማ አጎት፣ የአደ ቡሴ ባል ኦቦ ዳበሳ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ አምና አንዲት ዘማሪን በማይረባ ወሬ ከመዘምራን ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ቀነኒ ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አሰበችና ዝም አለች።

«ዝምታሽ ይገባኛል» አለች ሳጅን ሕሊና። ምንም አልገባትም።

ቶኩማን የያዙት ከቤቱ ደጃፍ ነው፤ የልጅቷን ልብስ እያሰጣ። ቀነኒ በባጃጅ ቤት ስትደርስ ግማሹ ልብስ ገመዱ ላይ፣ ግማሹ ሳፋው ውስጥ ነበር። ጎረቤቷ ሕፃኗን አቅፋ መጣችና ጆሮዋ ሥር «አይዞሽ፣ እኛም እንጠረጥር ነበር፤ ዝም ያለ ወንድ ክፉ ነው» አለቻት።

እንጠረጥር ነበር! ቶኩማን! ሦስት ዓመት ሙሉ በጣቱ እንኳ ያላስቸገራትን ሰው! ቀነኒ ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ ግን ስልኳ ጠራ። ኦቦ ዳበሳ ናቸው።

«ልጄ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ። ይሄ ልጅ ምን ሆኗል? ‹አድርጌያለሁ›ም ‹አላደረግሁም›ም አይልም። ‹እሷን ጠይቋት› ብቻ ነው የሚለው። ከሰዓት ቤታችሁን ሊፈትሹ ነው፣ ነገ ፍርድ ቤት ነው እያሉኝ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከፈተሹ ዕቃው ይገኛል። አቃጥላ ብታጠፋውስ? ያኔ ቶኩማን የሚያድነው ነገር አብሮ ይጠፋል። ወንበር ላይ ወጥታ ሐምራዊውን ቦርሳ አወረደች።

ባጃጁ ውስጥ ቦርሳውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። የማንጎ ገበያው ጋ ሲደርሱ ጉድጓድ አነጠራቸውና ቦርሳው ዝዝዝ ይል ጀመር። ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ሹፌሩ በመስተዋት እያያት «እህቴ፣ ስልክሽን አንሺው እንጂ» አላት። እጇን ከጋውኑ ሥር ሰዳ ባትሪውን እስክታወጣ ድረስ ዕድሜዋ በአሥር ዓመት አጠረ።

ጣቢያው በረንዳ ላይ ኦቦ ዳበሳ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቦርሳውን አዩና ፊታቸው ፈካ። «ጋውንሽን ይዘሽ መጣሽ? ልትጸልዪ ነው? ጎበዝ።»

«ኦቦ፣ እባክዎ ትንሽ ራቅ ብለው ቢጠብቁኝ…»

«ልጄን እዚህ ትቼ የትም አልሄድም።»

ማሪያም ቃሏን ልትፈርም መጥታ ውስጥ ከሳጅኗ ጋር ተቀምጣለች። ቀነኒ ገብታ በሩን ልትዘጋ ገፋችው። የክረምቱ ዝናብ አሳብጦት አልዘጋ አለ። በትከሻዋ ገፋችው፤ አልሆነም። በስንጥቁ በኩል የኦቦ ዳበሳ ጉልበትና መጽሐፍ ቅዱስ ይታያሉ። በቃ፣ እንግዲህ ይስሙ።

ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጋውኑን አውጥታ አጠፈች። ሻሹን አወጣች። የፈታችው ማሪያም ናት።

ሳጅን ሕሊና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ባሌ አልነካኝም» አለች ቀነኒ። «ከወለድኩ ጀምሮ ያመኛል። ገላዬ ይቆለፋል። ሐኪም ናት ያዘዘችልን። የማይሆነውን ዓይነት ላኩልን፣ ቶኩማ እንመልሰው ሲለኝ ሰው ያየዋል ብዬ እንቢ አልኩ። እኔ ነኝ በረኪና ውስጥ የዘፈዘፍኩት። እንደ መቀሱ። ይጸዳል ብዬ ነው!» የመጨረሻዋን ጮኻ ነው የተናገረቻት፤ ግቢው ሁሉ ሳይሰማት አልቀረም።

ማሪያም ዕቃውን በጓንት አንስታ አሸተተችው። ፊቷን አኮማተረች፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ጠጥቶታል! በረኪናውን ጠጥቶታል! ይሄ ብረት አይደለም እኮ፤ እንደ ስፖንጅ ነው። ስታለቀልቀው ላዩ ይጸዳል፣ ውስጡ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ወላሂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተህ ይሄን አታውቅም?» አለችና ትንፋሿን ዋጠች። «ጥፋቱ የኔም ነው። ብረት ብቻ ነው ያስተማርንህ። ይሄን ጣለው። ቁስሉ እስኪድን ምንም አይነካህም። ሲድን ትክክለኛውን ሲሊኮን ግዛ፣ በሳሙናና በውሃ፣ በቃ። ሌላ ምንም። ሰማህ?»

ቀነኒ ማልቀስ ጀመረች። ሳጅን ሕሊና ጆሮዋ ቀልቶ፣ ከሥሩ ያሰመረችበትን ቃል ሰረዘችውና ቶኩማን አስጠራች።

ቶኩማ ጫማውን ያለ ክር ተጫምቶ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዓይኑን ወደ ምድር ጣለ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቃል ብትናገር እኮ እዚህ አትውልም ነበር» አለች ሳጅኗ ተናዳ። «ለምንድን ነው ያልተናገርከው?»

«ሳትፈቅድልኝ ነክቻት አላውቅም። ሳትፈቅድልኝ ስለ እሷ ለሰው አልናገርም።»

ጎንበስ ብሎ ካልሲውን አወረደና አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሐኪሟ ምክር ነው፤ ከነስልክ ቁጥሯ። ቀኑን ሙሉ የሚያስፈታው ወረቀት እግሩ ሥር ነበር። ቀነኒ ይህን ስታይ የቁስሏን ሕመም ሁሉ ረሳችው፤ ሰው ባለበት አቅፋው ተንሰቀሰቀች።

ሲወጡ ኦቦ ዳበሳ ከወንበሩ ተነስተው ነበር። ሰምተዋል፤ ፊታቸው ያስታውቃል። ቀድመዋቸው ሄዱ። ቀነኒ ከኋላቸው እግሯን እየጎተተች ስትከተል ፍርሃቷ እንደገና መጣ። እሑድ ጋውኑን መልሺ ይሉኛል፤ ሕዝብ ፊት ያቆሙኛል፤ ቶኩማንም ከቤታቸው ያስቀሩታል። ቦርሳውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ግቢው በር ላይ ካለው ማንጎ ሥር ሲደርሱ ሽማግሌው ቆሙና ዞሩ።

ቀነኒ ቦርሳውን ዘረጋችላቸው። «ይኸው ኦቦ፤ ጋውኑ ንጹህ ነው።»

አልተቀበሏትም። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ። «ቡሴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ፣ የጠላችኝ ነበር የመሰለኝ። እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት።»

መንገዱ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ። ኦቦ ዳበሳ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቶኩማ በላብ የራሰውን ወረቀት ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሁለት እርምጃ ተራምደው ተመለሱ።

«መጀመሪያ ነገሩን ምን ብለህ ነው የጀመርክላት?» አሉ፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምንም» አለ ቶኩማ። «ያምሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።»